ጅብ የመሆኛ ደንብ

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ ከዘበኞችና ከልብስ አጣቢዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተደርድሬ። ከዚያ በፊት ፊደል አላስፈለገኝም ብል ውሸት ነው። አስፈልጎኝ ነበር፤ ያጣሁት የሚያስተምረኝ ሰው ነው። ተምረህስ ምን ጻፍክበት የሚለኝ ካለ መልሴ አጭር ነው። ከስሜና ከፊርማዬ ቀጥሎ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር፣ ሰው እንዴት ጅብ እንደሚሆንና እንዴት ተመልሶ ሰው እንደሚሆን የሚወስን ደንብ ነበር። የሚስቅ ይሳቅ።

ኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ፣ ብረት ቤት ነበረኝ። አራት ቆርቆሮ ግድግዳ፣ አንድ ወናፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠት፣ ሞረድ። ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ እቆርጣለሁ፣ ቢላዋና መጥረቢያ እቀጠቅጣለሁ፣ የበር ማጠፊያ እሠራለሁ። አባቴም አያቴም ይህንኑ ሲሠሩ ነው የሞቱት። የቀጥቃጭ ልጅ በዚህ አገር ምን እንደሚባል ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ። አብዮቱ መጣና እንዲህ ያለው ንግግር ቀረ ተባለ፤ በስብሰባ ላይ «ጓድ» ተባልኩ። ከስብሰባው ስንወጣ ግን፣ ምድጃ ልትገዛ የመጣች ሴት ሁሉ የልጇን ፊት በነጠላዋ መሸፈኗን አልተወችም።

ደንብ እስከ መጻፍ ያደረሰኝን ጨዋታ ያመጣው ጎረቤቴ ነው። መርከበኛ ነበር። የሞተር ክፍሉ ጩኸት ጆሮውን ቢያደነቁረው ከባሕር ተሰናብቶ መጣና መጋዘን ጠባቂ ሆነ። በሻንጣው ውስጥ የውጭ አገር መርከበኞች የሰጡት አንድ የካርቶን ሳጥን ነበር፤ በሳጥኑ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ። ዳማ አይደለም፣ ካርታ አይደለም፣ ገበጣም አይደለም። አንዱ ዳኛ ይሆንና ያወራል፦ «ጫካ ውስጥ ናችሁ። ከፊታችሁ ገደል አለ። ከማዶ ሽፍቶች እሳት ይሞቃሉ። ምን ታደርጋላችሁ?» እያንዳንዱ ተጫዋች በጨዋታው ውስጥ የሚሆነው ሰው አለው፤ በዚያ ሰው አፍ ይመልሳል። እዘላለሁ ያለ ዕጣ ይጥላል። ቁጥሩ ከወጣለት ዘለለ፤ ካልወጣለት ገደል ገባ። አሸናፊ የለም፤ ታሪኩ ከእሑድ እሑድ ይቀጥላል።

«ይሄማ ተረት ነው፤ ጨዋታ ነው እንዴ?» አልኩት መጀመሪያ ሲነግረኝ።

«ተረት ነው። ግን አንተ አለህበት!» ብሎ ጮኸ። ራሱን ስለማይሰማ ሁልጊዜ እንደጮኸ ነው።

አራት ሆንን። መርከበኛው ዳኛ። እኔ። ከማዞሪያው ጥግ የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ ዘርግቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ፤ ከሸዋ የመጣ፣ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጥ ሰው። አራተኛዋ እኔን ፊደል ያስቆጠረችኝ የሰፈራችን መምህርት ናት። የምንጫወተው እሑድ፣ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ፣ በእኔ ብረት ቤት ነው፤ በሩንም ወለል አድርገን ከፍተን። በዚያን ጊዜ አራት ሰው በተዘጋ በር ወረቀት ከብቦ ሲንሾካሾክ መታየቱ ለማንም አይበጅም ነበር። ደግነቱ በዳኛው ጩኸት መንሾካሾክ አይቻልም። የሳጥኑ የዕጣ ጠጠሮች በጉዞ ጠፍተው ስለነበር፣ እኔ ከአንድ ረጅም የብሎን ዳዶ የዕጣ መጣያ ሠራሁ። ስድስት ጎኑን በሞረድ አስተካክዬ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ መታሁበት። ሲንከባለል ጠረጴዛው በሙሉ ይንቀጠቀጣል።

በመጀመሪያው ቀን ዳኛው ማን ምን እንደሚሆን አደላደለ። ልብስ ሰፊው ጋሻና ጦር ያለው ጦረኛ ሆነ። መምህርቷ ሌባ መሆን ፈለገች። «ሳምንቱን ሙሉ ጨዋ ነኝ፤ እሑድ እንኳ ልስረቅ» አለች። ከዚያ ዳኛው ቀጣዩን አነበበ፦ «አውሬ መሆን የሚችል የጫካ ባሕታዊ።»

ሦስቱም እኔን አዩ።

«ምን ታዩኛላችሁ?»

ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «አይ፣ የቀረኸው አንተ ስለሆንክ ነው።»

«ስለቀረሁ ነው ወይስ የቀጥቃጭ ልጅ ስለሆንኩ?»

«ጋሼ ተው፣ እኔ እሱን ልያዝና አንተ ሌባ ሁን» አለች መምህርቷ ደንግጣ።

«በጅብ ላይ ሌባ ልትጨምሪልኝ? ግድ የለም፣ ስጡኝ። ስሙን ተሸክሜው ኖሬአለሁ፤ እስኪ ደግሞ ጥቅሙን ልየው።»

መጽሐፉ ባሕታዊው ድብ ይሆናል ይላል። ድብን ማን ያውቃል? አገር ለአገር የዞረው ዳኛ ራሱ አላየም። በጅብ ይተካ ተባለና የድቡ ጉልበት ሁሉ ለጅቡ ተሰጠ። ስህተቱ የጀመረው ከዚህ ነው። ድብ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ያለውን ብቻ ይዘን እንጫወት ነበር። ጅብን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እናውቀዋለን ብለን እናስባለን። በየእሑዱ አንድ ነገር ይጨመርለት ጀመር። የተቀረቀረ በር ሲገጥመን፣ አጥንት የሚሰብር መንጋጋ ለእንጨት አያንስም ተባለ፤ በሩ ተሰበረ። ሽፍቶቹ ሲሰወሩብን፣ ጅብ ከሦስት ተራራ ማዶ ያሸታል ተባለ፤ አሸተትኩ። አንድ ቀን የሽፍቶቹ አለቃ በሰይፍ መታኝ። ዳዶው መጥፎ ወጥቶ ልሞት ነው። ልብስ ሰፊው ከበርጩማው ብድግ አለ።

«የለም! የቀጥቃጭ ጅብ ብረት አይነካውም! ይሄ የታወቀ ነገር ነው!»

ለእኔ ተቆርቁሮ፣ ከልቡ ነው ያለው። ዳኛው በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ ጻፈው። ከየት አመጣኸው ያለ የለም፤ ከአራታችን ይህን በልጅነቱ ያልሰማ አልነበረም። እኔም አፌን ዘጋሁ። ሲያሙኝ የኖሩበት ነገር ከሰይፍ ሲያድነኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ያ ጊዜ ለእኔ ደግ ጊዜ ነበር፤ ይህን ለመናገር ብዙ አይቀናኝም፣ ግን ነበር። ሰኞ መዶሻ ሳነሳ የእሑዱን እያሰብኩ ነው። ጨዋታው ላይ «ማን ከፊት ይሂድ?» ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል። «ጅባችን የት አለ?» ይላሉ። ጅብ ያለኝ ሰው ሞልቷል፤ ጅባችን ያለኝ ግን እስከዚያ ድረስ አልነበረም።

ከዚያ ልብስ ሰፊው ኮረፈ። ሦስት እሑድ ሙሉ ለአንድ ምሽግ ሲዘጋጅ ነበር። በጨዋታው ውስጥ ገመድ ገዝቷል፣ መሰላል አሠርቷል፤ ከጨዋታው ውጭ ደግሞ የምሽጉን ካርታ በልብስ መቁረጫ ጠመኔው በጥቁር ጨርቅ ላይ ሥሎ አመጣ። «በሰሜን በኩል እናዘናጋቸዋለን፤ ከዚያ እኔ በመሰላሉ…» ብሎ ሲጀምር አላስጨረስኩትም። ጅብ ሆንኩ አልኩ። በሩን ሰበርኩ። ሰባት ሽፍታ በሰይፍ መታኝ፤ ብረት አይነካኝም። ሰባቱንም ጨረስኳቸው። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ምሽጉ ተያዘ።

ልብስ ሰፊው ጨርቁን እንደያዘ ቀረ። ዳዶውን አንድ ጊዜ እንኳ አልጣለም።

«ቆይ፣ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አለ።

«እርስዎማ ጦር ይዘዋል ጋሼ።»

«ጦሩን ምን ላድርገው? ጥርስህን ልጎርጉርልህ?»

መምህርቷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። «ጅቡ ይቀነስ። አለዚያ እኔ እሑድ እሑድ ቤቴ እተኛለሁ።»

ደሜ ፈላ። «ብረት አይነካውም ያሉት ማን ናቸው? እኔ ነኝ?»

«እኔ ነኝ! እንዲህ ይሆናል ብዬ ነው?»

«ስንት ዘመን ስትሉን ኖራችሁ፣ ይቀነስ ያለ አልነበረም። አሁን ለአንድ ክረምት ቢጠቅመኝ ይቀነስ? ስሙን ሲያወጡልን አላማከሩንም ጋሼ፤ ሲነጥቁንም አያማክሩንም?»

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» አለ ጨርቁን እያጠፈ።

«እኔንማ ሁሉም ያውቀኛል! ቁርበት ቀርቶ በርጩማ ያቀረበልኝ የለም!»

ዳኛው ከክርክሩ የሰማው ይህችን ብቻ ነው። «ያንተ ቤት እኮ ነው! በርጩማው ሁሉ ያንተ ነው!» ብሎ ጮኸ። መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አየን። ልብስ ሰፊው ሄደ።

በሁለት ተጫዋች ጨዋታ የለም፤ ዳኛው ሳጥኑን እያሰረ ቁርጡን ነገረኝ። ወይ ጅቡ ይቀነሳል፣ ወይ ሳጥኑ ከአልጋ ሥር ይገባል። እኔ ደግሞ ሁለቱንም አልፈልግም። ከጅቡ ቢነሳብኝ ያው የድሮው ሰውዬ ነኝ። እሑድ ቢቀርብኝም ያው የድሮው ሰውዬ ነኝ።

መምህርቷ ወደኋላ ቀረች። «ጋሼ፣ የጅቡ ሕግ የት ነው የተጻፈው?» አለችኝ።

«በመጽሐፉ ዳር ዳር።»

«ማን ጻፈው?»

«ዳኛው። እናንተ ስትሉት።»

ቦርሳዋን ከፍታ አዲስ ደብተር አወጣች። «አንተ ጻፈው። ጅብን ካንተ በላይ የሚያውቅ…» ብላ ቀጥ አለች። ፊቷ ቀላ።

«ጨርሺው እንጂ።»

«ማለቴ የተጫወትክበት አንተ ነህ። እስከ እሑድ ጻፈው። ጋሼ ልብስ ሰፊን እኔ አመጣቸዋለሁ፤ ራሳቸው ያንብቡት።»

ደብተሩን የተቀበልኩት ለመከላከል ነበር። ጅቡን አንዲት ጥርስ ሳላጎድል ጽፌ፣ ማኅተም ብቻ የቀረው ሕግ አድርጌ የልብስ ሰፊውን አፍ ላዘጋ። ሰኞ በምሳ ሰዓት ቁጭ ብዬ የመጀመሪያውን መስመር ጻፍኩ፦ «የቀጥቃጭ ልጅ ጅብ ሲሆን ብረት አይነካውም።» ጻፍኩና አነበብኩት። በአፍ ሲባል አልፎ የሚሄድ ነገር ወረቀት ላይ ቁጭ ብሎ ያፈጣል። ይህን ሲያወሩ የኖሩት ሌሎች ነበሩ፤ አሁን በራሴ እጅ፣ ያውም ለፍቼ በተማርኩት ፊደል፣ ጻፍኩላቸው። እጄን አየሁት። ከክርኔ እስከ ጣቴ ያለው ጠባሳ ሁሉ የብረት ነው። ብረት ያልነካውን ቀጥቃጭ እስኪ አሳዩኝ። መስመሩን ሰርዤ «ብረት ይነካዋል» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ የጻፍኩት እንደ ሙያዬ ነው። ቢላዋ አግለህ ውሃ ውስጥ ስትነክረው በጣም ይጠነክራል። ላየው ያማረ ነው፤ ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስለዚህ መልሰህ በቀስታ ታሞቀዋለህ፤ ከጥንካሬው ጥቂት ወስደህ በምትኩ መተጣጠፍን ትሰጠዋለህ። ስንት እንደምትወስድ ቀለሙ ይነግርሃል፤ ገለባ ሲመስል ለቢላዋ፣ ወደ ወይን ጠጅ ሲሄድ ለመጥረቢያ። የእኛ ጅብ ተነክሮ የቀረ ብረት ነበር። ጠንክሮ ጠንክሮ ጨዋታውን ሰበረው። መውሰድ አለብኝ፤ ግን እንዲያው እንዳይባክን፣ የምወስደው ለሌላ ነገር መግዣ መሆን አለበት።

ስንት እንደምወስድ ለማወቅ ብቻዬን ተጫወትኩ። በግራ እጄ ጅቡ፣ በቀኝ እጄ የልብስ ሰፊው ጦረኛ። ዳዶውን እጥላለሁ፣ ያሸነፈውን በከሰል ግድግዳው ላይ እጭራለሁ። መጀመሪያ በጅቡ ወገን ብቻ ጭረት ሞላ። የመንጋጋውን ጉልበት በግማሽ ቀነስኩ፤ አሁን ጦረኛው ያለ ፋታ ይገድለው ጀመር። «ይሄማ ውሻ ነው» አልኩና ጥቂት መለስኩለት። በመጨረሻ የመጀመሪያውን ንክሻ እንደ ድሮው ከባድ አድርጌ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አቀለልኩ። አንዴ አንዱ፣ አንዴ ሌላው ማሸነፍ ጀመረ። ልጅ ያዘለች አንዲት ደንበኛ ምድጃዋን ልትወስድ ስትመጣ፣ ዳዶ ወርውሬ «ጅቡ ሞተ!» እያልኩ ነበር። ነጠላዋን በልጇ ፊት ላይ ሳብ አደረገች። «አይዞሽ፣ ሞቷል አልኩሽ እኮ» አልኳት። ምድጃዋን ይዛ ሮጠች።

ጉልበቱ ቀላሉ ሥራ ነበር። ከባዱ ማን ጅብ ይሆናል የሚለው ነው። እስከዚያ ድረስ ጅቡ የእኔ ብቻ ነበር፣ ማንም አይነካብኝም። ብቻዬን ከያዝኩት ደግሞ በትውልድ ነው ማለት ነው፤ በትውልድ ከሆነ እነሱ ልክ ናቸው። ሁለት ቀን ስጽፍና ስሰርዝ ቆየሁ። ዓርብ ጨክኜ፣ አንድ ቅጠል ፈጥሬ፣ እንዲህ ጻፍኩ፦ «የጫካውን ቅጠል የቀመሰ ሁሉ ጅብ ይሆናል። የማንም ልጅ ይሁን።» ከሥሩ ዋጋውን ጻፍኩ። ጅብ የሆነ ሰው አይናገርም፤ ተጫዋቹ ራሱ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሰው የሚሆነው ከጓደኞቹ አንዱ አውቆት በስሙ ሲጠራው ነው። ካልጠራው ጅብ እንደሆነ ይቀራል።

እሑድ ልብስ ሰፊው መጣ። መምህርቷ በምን እንዳግባባችው አልነገረችኝም። መነጽሩን አድርጎ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ደብተሩን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። የመንጋጋው ላይ «ደግ» አለ። ብረት ይነካዋል የሚለው ላይ ቀና ብሎ አየኝና ቀጠለ። «የማንም ልጅ ይሁን» የሚለው ላይ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«እኔም?»

«እርስዎም ጋሼ።»

«የእኔ ዘር…»

«ሰባት ቤት መቁጠር ከቅጠሉ አያድንም። ከቀመሱ ቀመሱ ነው።»

«ዛሬ ማን ይቀምሳል?» አለች መምህርቷ ቶሎ ብላ።

ከዚያ ልብስ ሰፊው፣ ወደ በሩ አየት አድርጎ፣ «እስኪ እኔ ልሞክረው» አለ።

ያን ቀን ወንዝ ዳር ሽፍቶች ገጠሙን። ሌባዋ ከወንዙ ማዶ ስንቃቸውን ልትሰርቅ ሄዳለች፤ በዚህ ወገን ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። ጅብ ሆነ። ዳዶው ጥሩ ወጣለት፣ የመጀመሪያው ንክሻ አለቃቸውን ጣለው፣ የቀሩት ሸሹ። በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

«አያችሁልኝ! አንድ ጊዜ ብቻ…»

«ጅብ አይናገርም!» ብሎ ጮኸ ዳኛው። ልብስ ሰፊው አፉን በእጁ ያዘ።

ዳኛው ወደ እኔ ዞረ። «ባሕታዊ! ሽፍቶቹ ሸሽተዋል። አጠገብህ አንድ ጅብ ቆሟል። ምን ታደርጋለህ?»

ልብስ ሰፊው አየኝ። በጣቱ ደረቱን ነካ፤ እኔ ነኝ።

«አላውቀውም» አልኩ።

ደረቱን ደበደበ። ሜትሩን አንስቶ አወዛወዘው።

«ሜትር ያንጠለጠለ ጅብ አይቼ አላውቅም። ለማን ልብስ ሊለካ ነው?»

መምህርቷ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። በዚያው ቅጽበት አንዲት ጎረቤት በር ላይ ቆመች። «ጋሼን ምን ነካቸው? ድምፃቸውን ዘጋቸው እንዴ?»

«ጅብ ሆነው ነው» አልኳት።

«ውይ!» አለችና እየሳቀች፣ ግን ደግሞ አንድ እርምጃ ወደኋላ ብላ፣ አየችው። እሱም አያት። ሰው ነኝ ሊል አፉን ከፈተና ደንቡ ትዝ አለው፤ ዘጋው። ጆሮው ድረስ ቀላ። አሁን እየተጫወተ አልነበረም። ጎረቤቲቱ ሄደች፤ እሱ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰና ሳያርገበግብ ጠበቀኝ። ምን እንደተሰማው አልጠየቅሁትም፤ ያኔም፣ ከዚያም በኋላ። ጥቂት ግን አቆየሁት። የሚወቅሰኝ ካለ ይውቀሰኝ።

ከዚያ ጠራሁት። በስሙ፣ በአባቱ ስም፣ በአያቱ ስም።

«ስሙ ብቻ ይበቃል ይላል እኮ ደንቡ!» አለ ዳኛው።

ልብስ ሰፊው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «አንተ ጨካኝ!» አለኝ። ትንሽ ቆይቶም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሚቀጥለው እሑድም እኔ ነኝ» አለ።

«ምን ሲደረግ!» አለች መምህርቷ። «እኔ መቼ ልሆን ነው?»

«ልጅ አይደለሽ፣ ትደርሺበታለሽ።»

«ቅጠሉ ዕድሜ አይጠይቅም ጋሼ፤ ተጽፏል!»

ዳኛውም ነገሩን ዘግይቶ ሰምቶ፣ ዳኛ ለምን ጅብ አይሆንም ብሎ ጮኸ። ሦስቱም ተያያዙ። በኮልፌ፣ በቀጥቃጭ ቤት፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ የጨዋ ልጆች እኔ ጅብ ልሁን፣ የለም እኔ ልሁን ተባብለው ተጣሉ። መንገደኛው ቆሞ ይሰማል። እኔ ደብተሩን ወደ ራሴ ሳብኩት። የተራ ደንብ አልጻፍኩም ነበር፤ እንዲህ ያለ ጠብ ይነሳል ብሎ ማን አሰበ? አዲስ ገጽ ገለጥኩና ስማቸውን በየተራ አስገባሁ፤ ልብስ ሰፊው አንደኛ፣ መምህርቷ ሁለተኛ፣ ዳኛው ሦስተኛ። የእኔን መጨረሻ ላይ ጻፍኩ። የሚያስቸኩለኝ ነገር አልነበረም።